የቆቦው የቤዥ ዳኛ

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ "ያው ነው" የሚልና "ያው አይደለም" የሚል። የመጀመሪያው ወገን ብዙ ነው። በሰላም በልቶ በሰላም ያድራል፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ካልሲ አጥልቆ ሰርግ ይሄዳል። እኔ የዚህ ወገን ነባር አባል ነኝ። ሁለተኛው ወገን ጥቂት ነው፤ በየከተማው አንድ ቢገኝ ነው፤ አንዱ ግን ለሁላችንም ይተርፋል። አዲስ ያስገጠማችሁትን በር እንዲመርቅላችሁ የጠራችሁት ሰው ምርቃቱን ትቶ "ይሄ መቃን ወደ ግራ አልዘመመም?" ካላችሁ፣ በቃ እሱ ነው።

ለቆቦ የደረሱት ክቡር ከማሉዲን ናቸው። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ሥልጣናቸው ግን ቤዥ ነው።

ቤዥ የምለው ያንን የቤት ውስጥ ቀለም ነው፤ ነጭ እንዳይሆን አቧራ የፈራ፣ ቡናማ እንዳይሆን ጨለማ የፈራ። ከተማችን በቤዥ የምትኖረው ወዳ አይደለም። ከዞብል በኩል የሚነሳው ነፋስ ነጭ ግድግዳን ሳምንት አያቆየውም። ስለዚህ ካፌውም፣ ክሊኒኩም፣ የእኔም ሳሎን ቤዥ ነው። ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ያልተጠገነ ግድግዳ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ጥይት የበሳውን በሲሚንቶ ይደፍኑታል፤ ላዩን ስቱኮ ይለቀልቁታል፤ ቀጥሎ "ያችን ቦታ ብቻ በቤዥ ነካ አድርጋት" ይባላል። መከራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ድሮ የተቀባው የአንዱ ፋብሪካ ቤዥ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የተገኘው የሌላው ነው። ባልዲዎቹ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ሆኖ ሳለ ውስጣቸው ያለው ቀለም ፈጽሞ አይተዋወቅም።

የክቡርነታቸው ችሎት የሚሰየመው በዋናው መንገድ ዳር፣ የአንድ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። እዚያ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይውላሉ። ከሱቁ ፊት ለፊት ፀሐይ መከላከያ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ቀለም ገዢው ሁሉ ባልዲውን የሚያስከፍተው ሸራው ሥር ቆሞ ነው። እዚያ ጥላ ውስጥ ሁሉም ቤዥ ደብዛዛና ብርዳም ይመስላል፤ ሰውየው ሞቅ ያለውን መርጦ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ግድግዳው ሲደርቅ ሳሎኑ ሮዝ ይሆናል። ይህን ስህተት ያልሠራ የቆቦ አባወራ የለም። እኔ ሁለቴ ሠርቼዋለሁ።

"ከሸራው ውጣ!" ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ።

"ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል ባልዲ ተሸክሜ ወዴት ልውጣ?" ይላል ገዢው።

"ፀሐይ ላይ። ቤትህን ሸራ ሥር ነው እንዴ የሠራኸው?"

ባለሱቁ ይህን ሲሰማ ጥርሱን ይነክሳል። ሦስት ጊዜ በረንዳውን ልቀቁልኝ ብሏቸዋል አሉ። ሦስቱንም ጊዜ ሱሪውን ያሳጠሩለት እሳቸው ስለሆኑ ነገሩ እዚያው ቀረ።

የቀለም ካርድ አይወዱም። "ካርድ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ውስጥ ማን ይኖራል?" ይላሉ። የእሳቸው ካታሎግ የራያ ሜዳ ነው። አንዱን ቤዥ አይተው "ይሄ የጤፍ ገለባ ነው" ይላሉ፤ ሌላውን "የማሽላ ዱቄት፣ ያውም ወንፊት ያላየው"፤ ሌላውን ደግሞ "አፋሮቹ የሚያመጡት ግመል፣ ከሆዱ ሥር"። ፋብሪካዎቹንም በስማቸው አይጠሩም፤ ቀይ ክዳን፣ ሰማያዊ ክዳን፣ አረንጓዴ ክዳን እያሉ በባልዲው ክዳን ነው የሚለዩአቸው። የሚያናድደው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ልክ መሆናቸው ነው።

አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነዋሪውን ለስብሰባ ጠራ። ጉዳዩ ማዳበሪያ ነበር። "ጥያቄ ያለው?" ሲባል ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። ደፋር ሰው ናቸውና አንድ ከባድ ነገር ሊመጣ ነው ብለን ጆሯችንን አቆምን። ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ "ከመድረኩ ኋላ ያለው ግድግዳ ከሁለት ፋብሪካ ባልዲ ነው የተቀባው፤ ድንበሩ ከግድግዳ ሰዓቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው" አሉ። ሰብሳቢው ዘወር ብሎ አየ። እኛም አየን። ከዚያ በኋላ ስለ ማዳበሪያው የተባለውን የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላ ቀን የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። ሲወጡ የበሽተኛው ሚስት እስከ በር ሸኝታቸው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እንዴት አዩት?" አለቻቸው። "ሁለተኛው እጅ ሳይደርቅ ሦስተኛ ደርበውበታል፤ ይላጣል" ብለው መለሱላት። ሴትዮዋ መድኃኒቱን የሚሉ መስሏት ወደ ክሊኒኩ ልትሮጥ ነበር።

እኔ ቤት የመጡት ለኢድ ነው። "ኢድ ሙባረክ" አሉ፤ ተቀመጡ፤ ለስላሳውን አንድ ጊዜ ተጎነጩለትና ዓይናቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ተተከለ። እዚያ ጋ እኔው ራሴ የጠገንኳት አንዲት ቦታ አለች።

"ይሄን ማን ቀባው?"

"ያው ነው ጋሼ፣ ቤዥ ነው።"

"ያው አይደለም!"

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሰላም የኖረችበት ግድግዳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለዚያ ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ቴሌቪዥኑም በዚያው በኩል ስለሆነ ዜናውን የምትከታተለው በጆሮዋ ብቻ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የማን ነው? የእኔ!

እንግዲህ ከእኚህ ሰው ብሸሽ አይፈረድብኝም። መንገድ ላይ ካየኋቸው እሻገራለሁ። እንግዳ ሲመጣብኝም ክቡርነታቸው ሰምተው ይገቡብኛል ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። እንዲህ ሆነን ከረምን፤ ባለፈው ዓመት የእትዬ ሀስና ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

እትዬ ሀስና ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸውን ራዊያን ሊድሩ ነበር። ሙሽራው ዒምራን የሮቢት ልጅ ነው፤ ኒካሁ እሑድ እዚሁ እሳቸው ቤት ሊታሰር፣ የዒምራን አባትና ሽማግሌዎቹ ከሮቢት ሊመጡ ተቆርጧል። ስለዚህ ሳሎኑ መቀባት ነበረበት። ቀለም ቀቢው አንዷለም ረቡዕ ጠዋት ሩሎውን ይዞ መጣ፤ እትዬ ሀስና ግን ከበሩ ትይዩ ወዳለው ግድግዳ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

"ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው ልጄ፤ እዚህ ጋ ግን እንዳትነካ" አሉት።

እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤታቸው አያ ሙንተሲር ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቆቦ ወልድያ ሚኒባስ የነዱ ሰው ነበሩ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ ከሥራ ሲገቡ እዚያ ፍራሽ ላይ ይቀመጡና፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ይጥሉ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ያችኑ አንድ ቦታ። ከላቡም፣ ከራስ ቅባቱም፣ ከመንገዱ አቧራም ተጠራቅሞ ቤዡ ላይ የራስና የትከሻ ቅርጽ ያለው ጠቆር ያለ ምልክት ቀርቷል።

ራዊያ ልብስ ከሚተኮስበት ክፍል ወጣች። "እማ፣ ሰው ምን ይላል? ከሮቢት ድረስ የሚመጡት ሰዎች የቅባት ግድግዳ ሊያዩ ነው?"

"የአባትሽ ነው።"

"የአባቴ መሆኑንማ እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁትም። ቆሻሻ ነው የሚመስላቸው።"  ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አማቶቿ ዘንድ አንገቷን ደፍታ መግባት አልፈለገችም፤ ይኸው ነው።

ጎረቤት ነኝና አስታርቅ ተብዬ ተጠራሁ። የ"ያው ነው" ወገን ጥበብ ምን እንደሆነ ያን ቀን አሳየሁ። ስልኬን አውጥቼ፣ "እትዬ፣ በደንብ አድርጌ ፎቶ ላንሳውና ይቀባ። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ እሰቅልልዎታለሁ፤ ያው ነው" አልኳቸው።

እትዬ ሀስና ለአፍታ አዩኝ። "ፎቶው ላይ ራሴን ላስደግፍ?" አሉኝ።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ልጆቹ ከቤት ሲወጡላቸው፣ እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን እዚያች ቦታ ላይ ያሳርፉ ኖሯል። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በመጨረሻ አንዷለም መላ ያለውን መላ አመጣ። በምልክቱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ትቶ የቀረውን በዚያው በቤዥ ሊቀባው። ቤዥ ገዝቶ መጣ፤ በእርግጥ ከሰማያዊው ሸራ ሥር ነው የመረጠው። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሲደርቅ ገብተን አየነው። ያ የተተወው ቦታ ግድግዳው ላይ እንደተገጠመ መስኮት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ዙሪያው ሮዝ ነው፤ መሐሉ አሮጌ ነው። ቀድሞ ልብ ብሎ ለሚያየው ብቻ የሚታየው ምልክት አሁን ከበሩ ላይ "እዩኝ" ይላል። ዕቃ ሊያውሱ የመጡ ሁለት ሴቶች ገቡና፣ ሰላምታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ "ውይ፣ ያቺን ቦታ ረስቷታል" አሉ።

እትዬ ሀስና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ሻርፓቸውን አስተካከሉና፣ "ይቀባ። ልጄን በሚሳቅበት ቤት አልድርም። ነገ ጠዋት ቀብተህ ጨርሰው" አሉ። ራዊያ እንዳሸነፈች ሰው አልሆነችም። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ያን ጊዜ ነው በሕይወቴ አደርገዋለሁ ያላልኩትን ያደረግሁት። በባጃጅ ወደ ዋናው መንገድ ሄጄ፣ በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ ክቡር ከማሉዲን ፊት ቆምኩ። የሰርግ ወር ነው፤ ዙሪያቸውን ጨርቅ ተከምሮባቸዋል። ነገሩን ነገርኳቸው። የስፌት መኪናቸው መርገጫ ቆመ።

"የሙንተሲር ግድግዳ?" አሉ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

ሳሎኑ በር ላይ ደረሱ። አሁን "ይሄን ማን ቀባው?" ይመጣል፤ አንዷለም ይከፋል፤ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል ብዬ ነበር። አላሉም። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አላህ ይዘንለት" አሉ። ከዚያ ዞረው፣ "አብሽሪ፣ እታለም ሀስና። የተበላሸው ሰው ሳይሆን ቀለም ነው፤ ለቀለም መላ አይጠፋም" አሏቸው።

"ጋሼ፣ ሁለቱም እኮ ቤዥ ነው፤ ባልዲው ላይ ተጽፏል" አለ አንዷለም።

"ባልዲው ላይ የተጻፈውን ባልዲው ያንብበው። ስማኝ፤ ሁሉም ፋብሪካ ቤዡን የሚያወጣው ከነጭ ነው። የሰማያዊ ክዳኑ ነጭ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የቀይ ክዳኑ ወደ ቢጫ። መነሻቸው ሳይገናኝ መድረሻቸው እንዴት ይገናኛል? ሩሎህን አስቀምጥና እጅህን ታጠብ።"

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለታችን በሚኒባስ ወደ ጎብዬ ወረድን። የእትዬ ሀስና ግድግዳ የተቀባበት ፋብሪካ ቀለሙን ወደኛ አገር መላክ ካቆመ ዘመን ሆኖታል። ክቡርነታቸው ግን ጎብዬ ውስጥ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቀለም የተቀባ አንድ ሻይ ቤት ያስታውሳሉ። ሰው የልጆቹን ዕድሜ በሚረሳበት አገር እሳቸው የሻይ ቤት ግድግዳ ልደት ያስታውሳሉ! ገብተን ሻይ አዘዝን። ሻዩ ሳይመጣ ክቡርነታቸው ግድግዳውን በጥፍራቸው መፋቅ ጀመሩ። እንዳለው የሚባለው የሻይ ቤቱ ባለቤት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ መጣ።

"አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ትንሽ ልፋቅልህ ብዬ ነው፤ ከሥር ያለው የድሮው ነው።"

ነገሩን እኔ ባላስረዳ ኖሮ የሚሆነውን አላውቅም። ሰውየው ሲሰማ ሳቀ፤ ሄዶም ከጓሮ አንድ አሮጌ ባልዲ አመጣልን። ዶሮዎቹን ውኃ የሚያጠጣበት ነው። ከአፉ ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ የዚያን ጊዜው ቤዥ ደርቆ ተጣብቋል። ክቡርነታቸው ቅርፊቱን በመቀሳቸው ጫፍ ልጠው፣ ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። መንገዱን ሁሉ እጃቸው ኪሳቸው ላይ ነበር። እኔም ሳላውቀው ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት ደርሰው ቅርፊቱን ግድግዳው ላይ አስጠጉት። ፊታቸው ጨለመ።

"ምነው?" አልኩ። "ያው እሱ ነው እኮ፤ ያው ፋብሪካ፣ ያው ዓመት!"

"ያው አይደለም" አሉ፤ የዛሬው ግን ቀስ ብሎ ነው። "ይሄ ሙንተሲር ያስቀባው ነው። ሙንተሲር የተደገፈው አይደለም። ግድግዳው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ይሄ ባልዲ ውስጥ ተኝቶ ነው የከረመው።"

ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ሦስት ፋብሪካ ተሸክመው መጡ፤ ቀይ ክዳን፣ ሰማያዊ ክዳን፣ አረንጓዴ ክዳን። የሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ ጨርቅ በመዳፍ ልክ ቆራረጡ። ከዚህ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ እያሉ በሻይ ብርጭቆ እያዋሐዱ ጨርቁን ይቀቡታል፤ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ በስፒል ይሰኩታል። እርጥቡን ማንም እንዲያየው አይፈቅዱም። "እርጥብ ቀለም ይዋሻል" ይላሉ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ምልክቱ ዙሪያ ሃያ ስድስት ቁራጭ ጨርቅ ተሰክቷል።

ራዊያ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ ብላ አየች። "እማ፣ እሳቸው እኮ ግድግዳውን ቀሚስ እያስለኩት ነው" አለች። ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እናትና ልጅ አብረው ሳቁ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ሃያ ስድስቱም አልገጠሙም። እኔ አሥራ ዘጠነኛው ላይ "ይሄ ነው!" ብዬ ነበር፤ ክቡርነታቸው ሃያኛውን ማዋሐድ ጀመሩ። ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ሁሉም አዲስ ነው። አንዷለም ሰዓቱን ማየት ጀመረ፤ ቢዘገይ ለሁለት እጅ ማድረቂያ ጊዜ አይኖርም። እትዬ ሀስና ሻይ እያቀረቡ "አያ ከማል፣ ደክመሃል፤ በቃ ተወው። አላህ የፈቀደው ይሆናል" አሏቸው። እሳቸው ሃያ ሰባተኛውን ቀብተው ደጃፉ ላይ አሰጡት።

የዞብሉ ነፋስ ልማዱ ነው፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ተነሣ። የግቢውን አፈር አንሥቶ ሳሎኑ ድረስ ይዞት ገባ። ለሰርጉ የሚያግዙት ሴቶች ሳህኑን ለመሸፈን ተሯሯጡ። ነፋሱ ሲያልፍ ክቡርነታቸው ወጥተው ጨርቃቸውን አነሡ። እርጥቡ ቀለም ላይ አቧራ ተነስንሶበታል። ሊወረውሩት እጃቸውን አነሡ፤ አልወረወሩትም። ፀሐይ ላይ ይዘውት ቆሙ። ከዚያ እየሮጡ ገቡ፤ እኚህ ሰው ሲሮጡ ያየ የቆቦ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጨርቁን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አስጠጉት።

"ሻርፕ አምጡልኝ! ስስ ሻርፕ!"

"ለምን?" አለች ራዊያ።

"አፈር ልነፋበት። የግቢያችሁን አፈር። ይሄን ግድግዳ ያስረጀው የግቢው አቧራ ነው፤ እኔ በየፋብሪካው ስፈልግ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይስቅብኛል!"

ራዊያ ገባች። ለማግስቱ ካዘጋጀችው ልብስ መሐል አዲሱን ስስ ሻርፕ ይዛ ወጣች። "ይሄ ይስማማል?" አለች። እናቷ "እሱማ የኒካሁ ነው" ሲሉ፣ "ይታጠባል እማ" አለቻቸው። ራሷ ግቢው ውስጥ ተንበርክካ፣ እሷ በአንድ ወገን፣ እናቷ በሌላው ይዘው፣ አፈሩን ነፉት። እንደ ዱቄት ለስልሶ ወረደ። ቀይ ክዳን ከአረንጓዴ ክዳን ጋር ሆነ፤ አፈሩ በጭልፋ እየተለካ ገባ። አንዷለም ባልዲውን አማሰለ፤ አንደኛ እጅ ቀባ፤ ሲደርቅ ሁለተኛ ደገመ። በቆቦ ሙቀት አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ደርቆ ነበር።

ድንበሩ ጠፋ። አሮጌው የት ላይ እንደሚያበቃ፣ አዲሱ የት ላይ እንደሚጀምር ማንም ማሳየት አልቻለም። ግድግዳው በሙሉ አንድ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ያ ምልክት ብቻ ቀርቷል። አሁን ግን ቆሻሻ አይመስልም፤ አንድ ሰው አሁን ተነሥቶ የወጣ ነው የሚመስለው። እትዬ ሀስና መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እያንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ።

"አዲሱ የቱ ጋ ነው፣ አያ ከማል?"

"ወሏሂ እኔም ጠፋኝ" አሉ ክቡርነታቸው። እንዲህ ያለ ደስታ ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከሮቢት መጡ። የዒምራን አባት ሼህ ሙህሲን በዕድሜ የገፉ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ከሁሉ ቀድመው ገቡ፤ ሳሎኑን አዩ፤ "ማሻአላህ፣ ቤቱ ያምራል" አሉና ቀጥ ብለው ከበሩ ትይዩ ወዳለው ፍራሽ፣ ልክ ወደዚያች ቦታ ሄዱ። የክብር ቦታ ነውና ሌላ የት ይሄዳሉ? ይህን ከእኛ ማንም አላሰበበትም። ስለ ቀለሙ ስንጨነቅ ስለ መቀመጫው ረስተናል። መጋረጃው ኋላ እትዬ ሀስና እንዳሉ አውቃለሁ።

"እዚያ አይቀመጡ!" አሉ ክቡር ከማሉዲን፣ ከፍ ባለ ድምፅ። "ቀለሙ አልደረቀም።"

ዞሬ አየኋቸው። ስለ ቀለም ለበሽተኛ ያልራሩ፣ ለስብሰባ ያልራሩ፣ ለእኔ ሳሎን ያልራሩ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ስለ ቀለም ዋሹ። ሼህ ሙህሲን ሊቀመጡ እንዳጎነበሱ ቀሩ። እኔም አፌ ቀደመኝ። "አዎ፣ እርጥብ ነው። ልብስዎን ያበላሸዋል" አልኩ። ጠዋት በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ድንጋይ ሆኗል። ሽማግሌው "ግድ የለም" ብለው ወደ ጥግ ዞር ማለት ጀመሩ።

መጋረጃው ተገለጠ። እትዬ ሀስና ወጡ። መጀመሪያ ክቡርነታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን፤ እንደ ልጅ አቀረቀርን።

"ደርቋል" አሉ። "ከትናንት ጀምሮ ደርቋል። አባባ፣ እዚያው ይቀመጡ። ባለቤቴም ሲደክማቸው እዚያ ነበር የሚያርፉት። ዛሬ ባዶ ባይሆን ደስ ይለኛል።"

ሼህ ሙህሲን ግድግዳውን አዩ፤ ምልክቱን አዩ፤ ገባቸው መሰለኝ። "አላህ ይዘንላቸው፤ እንግዲህ በእሳቸው ቦታ ልጃቸውን እቀበላለሁ" አሉና ተቀመጡ። ሙቀቱ ከብዷል፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ቀስ ብለው ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ጣሉ። ልክ በልክ ሆነ። እትዬ ሀስና አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሴቶቹ እልልታ ተሰማ።

ኒካሁ እየታሰረ እያለ ክቡር ከማሉዲን በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ዓይናቸው ከሽማግሌው ራስ ላይ አልተነሣም።

"የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀብተዋል" አሉኝ በሹክሹክታ።

"እና?"

"እናማ ሮቢት ቅርብ ነው፤ አማች ሆነዋል፤ ይመላለሳሉ። ዓመት ሳይሞላ ያጠቁሩታል። የደከምንበት ቀለም ሌላ ይሆናል።"

በዚያች ደቂቃ እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው አወቅሁ። ሦስት ቀን ስፌታቸውን ጥለው፣ አፈር ነፍተው፣ በሽማግሌ ፊት ዋሽተው ያዳኑት ግድግዳ ዓይናቸው እያየ ሊበላሽ ነው።

"ታዲያ ልንገራቸው?" አልኩ። "ትራስ ነገር ከኋላቸው እናድርግላቸው?"

 ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ያርፋሉ፤ ከመጋረጃው ኋላ ራዊያ ከእናቷ ጋር ትስቃለች።

"ተው" አሉኝ። "ይጥቆር።"